የሥራ ፈጠራ ትምህርት፦ ለብቻው ወይስ በየሙያው ውስጥ?

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች በዩኒቨርሲቲዎች እንደ አዲስ ሲጀመሩ «ኢንተርፕረነርሺፕ» የተባለው ትምህርት በተፈጥሮም ሆነ በማኅበራዊ ሳይንስ መስክ የተመደበ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ሆኖ ተቀረጸ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የተሠራበት የ70 በ30 ምደባ ከተማሪዎቹ አብዛኛውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መርቷል፤ ይሁን እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ያሉት ፋብሪካዎች ምሩቃኑን ሁሉ ሊቀጥሩ አልቻሉም። ስለዚህ ተማሪው ቅጥር ጠባቂ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚረዳው ትምህርት መሰጠቱ አያከራክርም። የሚያከራክረው የተሰጠበት ቦታና ጊዜ ነው።

የማስተማሪያው ጽሑፍ የንግድ ዕቅድ አዘገጃጀትን፣ የድርጅት አመሠራረትን፣ ገበያን፣ የገንዘብ ምንጭንና የድርጅት ዕድገትን በቅደም ተከተል ያስረዳል። በዚህ በኩል የሚነቀፍ ብዙ ነገር የለውም። ነገር ግን ተማሪው ትምህርቱን የሚወስደው ገና የሙያ ክፍሉን ሳይቀላቀል ነው። ስለ አፈር፣ ስለ ኤሌክትሪክ ወይም ስለ መድኃኒት ሳያውቅ ዕቅድ እንዲጽፍ ሲታዘዝ የሚያቀርበው ሐሳብ ማንም ሊያስበው ከሚችለው ከካፌና ከዶሮ ርባታ ባያልፍ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ኋላ፣ በሙያው ዕውቀቱ ሲበስል፣ ጥያቄውን መልሶ የሚያነሣለት መምህር ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ነው።

ለሁሉም ተብሎ በአንድ ጊዜ የተዘጋጀ ጽሑፍ ቶሎም ያረጃል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ዋና ዋና ክፍሎች በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲተኩ፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ተፈቀደለት፤ ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ነበር። ለአዲስ ምሩቅ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ የግል ንብረቱን ከድርጅቱ ዕዳ ለይቶ ሥራ እንዲጀምር መንገድ ይከፍትለታል። በ2012 ዓ.ም. የተሰናዳ ጽሑፍ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። መምህሩ ካላሟላው ተማሪው የተሻረውን ሕግ ተምሮ ይወጣል።

በትምህርቱና በኑሮው መካከል ያለውን ርቀት ለመገመት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ጀሞን መመልከት ይበቃል። ጀሞን ያስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከመጠለያ ሌላ ሥራ የመፍጠር ዓላማም ነበረው፤ ብሎኬት፣ በርና መስኮት የሚያመርቱ ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት በሥሩ እንዲደራጁ ታስቦ ነበር። ዛሬ በእነዚህ ሊፍት በሌላቸው ሕንፃዎች ውስጥ የሚነሡት ጥያቄዎች የየሙያው ጥያቄዎች ናቸው። ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ነዋሪ ስንት ቢከፍል ፓምፕ ይደርስለታል? ይህ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ሒሳብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮውን እንዴት ይመዘግባል? የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ይጠየቅ። የማኅበሩ ደንብ የሕግ ተማሪን፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው አረጋውያን ጉዳይ ደግሞ የሶሽዮሎጂ ተማሪን ይመለከታል። የንግድ አስተዳደር መምህር ብቻውን እነዚህን ጥያቄዎች ሊያወጣቸው አይችልም፤ ፓምፑን አያውቀውምና።

ለዚህ አሠራር በአገር ውስጥ አብነት አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ኅብረተሰብን ማወቅ የሚል አንድ ትምህርት ከፍቶ አልተወም። ተማሪዎቹ በቡድን ወደ መንደር ወርደው፣ ችግሩን መርምረው፣ በየዓመቱ እንዲመላለሱበት የሥርዓተ ትምህርቱ አካል አደረገው። ዘዴው ለጤና የተቀየሰ ቢሆንም ለሌሎች ሙያዎችም ይሠራል።

እርግጥ፣ ትምህርትን ሁሉ ወደ ሸቀጥ መለወጥ አደጋ አለው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ አርትዖትን፣ ትርጉምንና የብሬል መጻሕፍት ዝግጅትን እንደ መተዳደሪያ ቢማር ይጠቀማል፤ የግጥም ትንታኔው ግን በትርፍ ሊመዘን አይገባም። የባሰው መሰናክል ሌላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች እንዳይሰደቡ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ምሩቅ ልጅ ብየዳ ቤት ሲከፍት ዛሬም የሚያዝንለት ዘመድ አይጠፋም። መምህሩም ከዚሁ ኅብረተሰብ የወጣ ነው። ራሱ ከደመወዝ ሌላ ገቢ ቆጥሮ የማያውቅ መምህር ያለ ሥልጠና ይህን እንዲያስተምር ማዘዝ ፍትሐዊ አይሆንም።

ዕቅድ አውጪዎች በተለይ ሊያጤኑት የሚገባው የምዘናው ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የመምህሩንም የተማሪውንም ጊዜ ወደ ራሱ ስቧል፤ ነጥብ የሌለው የመስክ ልምምድ ከዚህ ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም። ስለዚህ ሌላ አዲስ ትምህርት ከመጨመር ይልቅ አሁን ባለው የመመረቂያ ሥራ ውስጥ ሁለት ገጽ ማስገባት ይቀላል፦ ውጤቱን ማን ይፈልገዋል፣ ስንት ያስወጣል፣ ማንን ይጎዳል? ነጥቡ ከሙያው ነጥብ ጋር ይደመር። ሥራው በሚገመገምበት ዕለትም ከመምህራኑ ጎን አንድ ባለ ወርክሾፕ ይቀመጥ፤ የብረቱን ዋጋ እርሱ ይጠይቃል።