የአበበ ደመወዝ ስንት ነበር?

አትሌቶቻችን ድል አድርገው በተመለሱ ቁጥር የእኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሥራ ይበዛል። ገጣሚው ስንኝ ይቋጥራል፤ ድምፃዊው ዜማ ያወጣል፤ ሠዓሊው ሰንደቅ ዓላማ የለበሰ ሯጭ በሸራው ላይ ያሳርፋል፤ መድረኩም ለአቀባበሉ ይዘጋጃል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሕዝብ የኰራበትን ነገር ኪነ ጥበብ ሊያከብረው ይገባል። ሊነቀፍ የሚገባው ጉድለት ግን አለ፤ ይኸውም በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ሩጫ እንደ ሥራ፣ ሯጩም እንደ ሠራተኛ አለመታየታቸው ነው። ሯጩ ያሸንፋል፣ ያለቅሳል፣ መሬት ይስማል፤ ኪራይ ሲከፍል፣ እህል ሲሸምት፣ ደመወዝ ሲጠብቅ ግን አናየውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጉድለቱ ከወዴት እንደመጣ በሦስት ፊልሞች አማካይነት መመርመር፣ ስለ ራሳችንም ጥቂት መናገር ነው።

ወደዚህ ሐሳብ የመራችኝ አንዲት ወጣት ሯጭ ናት። ከጥቂት ጊዜ በፊት በኮተቤ አካባቢ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ለወጣት ሯጮች ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ» የተባለው ፊልም ታይቶ ነበር። እኔም ከትርኢቱ በኋላ አስተያየት እንድሰጥ ተጋብዤ ነበርና ስለ ትረካው አወቃቀር፣ ስለ ዝምታው ኃይል፣ ስለ ብርሃንና ጥላው ተናገርሁ። ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ የአበበ ደመወዝ ስንት ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። የሣቁት ግን ጥያቄው ቀልድ ሆኖባቸው አልነበረም፤ ሁሉም በልቡ ይዞት የመጣውን አንዷ ስላወጣችው ነበር። እኔ መልስ አልነበረኝም። ፊልሙም አልነበረውም።

«አትሌቱ» እ.ኤ.አ. በ2009 በራሴላስ ላቀውና በዴቪ ፍራንክል አዘጋጅነት ለዕይታ የበቃ ነው። አበበን ሆኖ የሚጫወተውም ራሱ ራሴላስ ነው። ፊልሙ ታሪኩን የሚይዘው ከድሉ ሳይሆን ከድሉ ማግስት በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ በሌሊት ሲጓዝ እናየዋለን፤ በ1961 ዓ.ም. የደረሰውንና ሁለት እግሮቹን ያሳጣውን አደጋ እናያለን፤ ከዚያም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ያደረገውን ሕክምና፣ የቀስት ውድድሩን፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች በሚስቡት ተንሸራታች ያደረገውን ፉክክር እንከተላለን። የሮማና የቶኪዮ እውነተኛ ምስሎች ከተውኔታዊው ትዕይንት ጋር ተዋሕደው ሲቀርቡ የጀግናው ብቸኝነት ጎልቶ ይወጣል። በቅርጹ ረገድ ይህ የበሰለ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በፊልሙ ውስጥ ከተዋንያኑ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሊናገር ይችል የነበረው ያ መኪና ነው፤ እርሱም ዝም ብሎ ያልፋል። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ሲያሸንፍ ለሩጫው የሚከፈለው ገንዘብ አልነበረም። የዘመኑ የዓለም አቀፍ አማተር አትሌቲክስ ደንብ ይህን ይከለክል ነበር። ደንቡ የላላው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን ገንዘቡ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ ነበር የተፈቀደው። ስለዚህ የክቡር ዘበኛው ወታደር ደመወዝ የወታደር ደመወዝ ነው፤ ሲያሸንፍ ማዕረግ ያድጋል፣ ኒሻን ይሰጠዋል፣ መኪናም ይበረከትለታል። ለልጅቷ ዘግይቼም ቢሆን የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ አበበ ለወታደርነቱ ደመወዝ ነበረው፤ ለሩጫው ግን ደመወዝ አልነበረውም፤ ስጦታ ነበረው።

በደመወዝና በስጦታ መካከል ያለው ልዩነት ለኪነ ጥበብ ሰው ትልቅ ቁም ነገር ነው። ደመወዝ ቀን አለው፤ ሲዘገይ ይጠየቃል፤ ሲጎድል ይከሰሳል። ስጦታ ግን በሰጪው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ለምን ቀረ ተብሎ አይከሰስም። የእኛም የፉከራና የሽለላ ልማድ ከዚሁ ሥርዓት ጋር አብሮ ያደገ ነው። ጀግናው ግዳዩን ይቆጥራል፤ ሰምቶ የሚሸልመው ጌታ ከፊቱ ተቀምጧል፤ በቅሎው፣ ጋሻው፣ ጉልቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሯጩ ሲመጣ ገጣሚዎቻችን አዲስ ቋንቋ አልፈጠሩለትም፤ በዚሁ ባረጀው ቅርጽ ውስጥ አስገቡት። ዘማች አደረጉት። ዘማች ደግሞ ስለ ወር ደመወዝ ቢጠይቅ ያስነውረዋል። ጉድለቱ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ፊልም «ኢንዱራንስ» ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1999 በሌስሊ ውድሄድ ተዘጋጅቶ ቀርቧል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ሆኖ፣ ዘመዶቹም የቤተሰቡን አባላት ሆነው ይታያሉ። ትረካው በአርሲ ገጠርና እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ በተካሄደው የ10,000 ሜትር ውድድር መካከል ተዘርግቷል። የማሳው ስፋት፣ የጧቱ ጭጋግ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የሚሮጠው ሕፃን፣ ሁሉም ያምራሉ። እጅግ ስለሚያምሩም ያሳስባሉ። ድህነቱ በፊልሙ ውስጥ ችግር መሆኑ ይቀርና አሠልጣኝ ይሆናል፤ ልጁ ድሀ ሆኖ በመወለዱ፣ ትምህርት ቤቱም ሩቅ በመሆኑ ዕድለኛ የሆነ ይመስላል። ይህ አደገኛ ውበት ነው። ድህነት ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ የገበሬው ልጅ ሁሉ ሜዳልያ ባጠለቀ ነበር። ሯጭ የሚያደርገው ሥልጠና፣ ምግብ፣ እረፍትና በየወሩ የሚመጣ ገቢ ነው። ኃይሌም ቢሆን የፖሊስ ባልደረባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በስቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ለአሸናፊዎች የተሰጠው መርሴዲስ መኪና ነበር። ከቮልስዋገኑ ወደ መርሴዲሱ 30 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረም፤ ክፍያው ግን ገና ከስጦታነት አልወጣም ነበር። በጥሬ ገንዘብ የተተካው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ጄሪ ሮትዌል ያዘጋጀው «የሯጮች ከተማ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ ከሦስቱ ለጥያቄያችን የቀረበው ነው። ቦታው በቆጂ ነው፤ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ከተማ። አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ በአቧራማው ሜዳ ልጆቹን ሲያሠለጥን እናያለን። ፊልሙ ግን ዓይኑን የተከለው በታዋቂዎቹ ላይ ሳይሆን ገና ባልታወቁ ሁለት ልጃገረዶች ላይ ነው። ልጆቹ ከከተማቸው ወጥተው ወደ ክለብ ሲገቡ፣ ከተስፋው ጋር የተነገረው ድጋፍ ሁልጊዜ እንደማይገኝ ይማራሉ። ታሪኩን የሚተርክልንም አሸናፊ አይደለም፤ በሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ጓደኞቹ ሲሮጡ የሚያይ ልጅ ነው። የሱቅ ነጋዴን ተራኪ ማድረግ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ዋጋ የሚያውቅ ዓይን ነውና። ፊልሙ የሚጎድለው አዲስ አበባን ነው። ሩጫ ገበያ የሚሆነው፣ ውል የሚፈረመው፣ ኮሚሽን የሚቆረጠው እዚህ ነውና።

ስለዚያ ገበያ በቅርብ ዘመን በሰፊው የጻፈው ሰውም የእኛ ደራሲ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሯጮቻችን ላይ መጽሐፍ ያሳተመው ማይክል ክሮሊ የተባለ ከብሪታንያ የመጣ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ነው፤ 15 ወራት ከሯጮች ጋር ኖሮ፣ አብሯቸው ሮጦ ነው የጻፈው። ይህን ስል እንግዳውን ለመንቀፍ አይደለም። የምንወቀሰው እኛ ነን።

የሯጩን ኑሮ በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ዕድል የቀናው በመከላከያ፣ በንግድ ባንክ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በማረሚያ ቤቶች ክለብ ታቅፎ ወርኃዊ ደመወዝ ያገኛል። ያልቀናው ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤተሰቡ በሚላክ እህልና በብድር እየኖረ በእንጦጦ፣ በሰንዳፋና በሱሉልታ ይሮጣል። የውጭ ውድድር የሚገኘው በማናጀር በኩል ነው፤ የማናጀሩ ድርሻ በተለመደው አሠራር ከገቢው 15 በመቶ ነው። ውድድሩ በአሜሪካ ከሆነ 30 በመቶ ግብር በቅድሚያ ይቀነሳል። እንግዲህ ሁለቱም ከጠቅላላው ሲታሰቡ ከ100 ዶላር ለሯጩ የሚተርፈው 55 ነው። ይህም የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ይጠበቃል፤ ወራትም ሊያልፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ሻምፒዮና አንደኛ ለወጣ 70,000፣ ስምንተኛ ለወጣ 5,000 ዶላር ተከፍሏል። ዘጠነኛ የወጣው ምንም አላገኘም። በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ አንድ እርምጃ ነው።

በዚያው ዓመት ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገብታ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር በእግሯ የነበረው ጫማ ለገበያ የቀረበው በ500 ዶላር ነው። እኛ ግን ዛሬም የአበበን ባዶ እግር እየዘፈንን ነን።

ለተውኔት ጸሐፊስ ከአሯሯጩ የበለጠ ገጸ ባሕርይ ከወዴት ይገኛል? አሯሯጭ የሚከፈለው ፍጥነቱን ጠብቆ እስከ ተወሰነ ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲመራ፣ ከዚያም እንዲወጣ ነው። ጉልበት አለው፤ የፊቱ መንገድ ባዶ ነው፤ ሥራው ግን አለመጨረስ ነው። በዚህ ሰው ልብ ውስጥ ያለው ግጭት ከማንኛውም የንጉሥና የመስፍን ተውኔት አያንስም። እስከማውቀው ድረስ ግን በትልልቆቹ መድረኮቻችን ላይ አልቆመም።

የሚቃወሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዶች፣ «ኪነ ጥበብ የሒሳብ መዝገብ አይደለም፤ የአገር ፍቅርን በገንዘብ መለካት ማራከስ ነው» ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ሆቴልና ሕንፃ የሠሩትን ሯጮች ይጠቅሱልኛል። ለሁለተኞቹ የምለው፣ እነርሱ መኖራቸው እውነት ነው፤ በላባቸው ያገኙት ነውና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን አንድ ሕንፃ ታይቶ የሺህ ኪራይ ቤቶች ኑሮ አይተረጎምም። ለመጀመሪያዎቹ የምለው ደግሞ ይህን ነው፤ የአገር ፍቅር የሚራከሰው የሚሮጥለት ሰው ሳይበላ መቅረቱ ሲሸፈን ነው። መምህሩ አገሩን ይወዳል፤ ደመወዙንም ይቀበላል። ስለዚህ ማንም ፍቅሩን አልተጠራጠረውም።

ሌላውን የሚተች ራሱንም መተቸት ይገባዋልና ይህን አልደብቅም። ከዓመታት በፊት ለአንድ አቀባበል የጻፍሁትን ግጥም ከኮተቤው ምሽት በኋላ አውጥቼ አነበብሁት። «ወርቅ» የሚለው ቃል 11 ጊዜ ተጽፏል፤ «አንበሳ» 4 ጊዜ። «እንጀራ» አንድም ጊዜ የለም። «ጉዳት» የለም። «አሠልጣኝ» የለም። ግጥሙን በዚያ ቀን በመድረክ ላይ ሳነብ ከፊት የተቀመጡት ሯጮች በትሕትና አጨበጨቡልኝ። ለዚያ ንባብ እኔ ተከፍሎኛል።

ስለዚህ ለጽሑፍና ለመድረክ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ድሉን መዝፈን አንተው። ነገር ግን ብዕራችን ከመድረኩ ወርዶ ወደ ተከራዩት ክፍል ይግባ፤ ጉልበቷ ታሞ ክለቧ ያሰናበታትን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ውድድሮች ሲሰረዙ የዓመት ገቢው በአንድ ደብዳቤ የጠፋበትን፣ ዘጠነኛ ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰውን ይጻፍ። ይህም በልመና ቃና አይሁን፤ ሯጩ ምጽዋት አልጠየቀምና። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ስለ አበበ ሲያስተምሩ ባዶ እግሩን ብቻ ሳይሆን ደንቡንና ደመወዙንም ያስተምሩ።

ያቺ ልጅ ከዚያ ምሽት በኋላ ምን እንደደረሰች አላውቅም። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ አዳራሽ ስገኝ ግን ስለ ብርሃንና ጥላ ከመናገሬ በፊት የእርሷን ጥያቄ አስቀድማለሁ።