ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለ ሙያ

ቦንጋ ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ሰው፣ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ዲሾች ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ቢያገኝ ሊገረም አይገባም። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ የዞረው በምክንያት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት የሚሠራጨው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከቆመው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ነው። የዓረብኛ ድራማና የውጭ ፊልም የለመደ ቤት የማይለቀው ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። በመካከላቸው 64 ዲግሪ ስላለ አንድ ሳህን ሁለቱን አይደርስባቸውም። በዚህ ላይ ኳስ ወዳድ ያለበት ቤት ዲኤስቲቪ ይጨምራል፤ የእሱ ሳተላይት 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ቦንጋም የተቆረቆረችው ከ36ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ትንሽ አለፍ ብላ ስለሆነ ሳተላይቱ አናቷ ላይ ነው ለማለት ምንም አይቀረውም።

ሦስቱም ግን የሚወርዱት ወደ አንድ ቴሌቪዥን ነው። ያው አንድ ስክሪን ሪሲቨሩን፣ የዲኤስቲቪውን ዲኮደር፣ የሠርግና የክርስትና ካሴት ወደ ሲዲ ከተገለበጠ ወዲህ ያልተጣለውን ዲቪዲ፣ የልጆቹን ፕሌይስቴሽንና ስፒከሩን ያስተናግዳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር አንድ ጣቢያ ብቻ ስለነበረ አንድ አንቴናና አንድ ገመድ ይበቃ ነበር። አሁን ግን ይህን ሁሉ የሚያስማማ ባለሙያ ያስፈልጋል። ስለ ባለሙያው ስናወራ «ስንት ቻናል አስገባልህ?» እንባባላለን። የእኔ መመዘኛ ሌላ ነው፦ ሠራተኛው መሣሪያውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ፣ የሠራውን ነገር የቤቱ ሰው ሊረዳው ይችላል ወይ? ጥሩ የገመድ ሥራ ሠሪው ሳይኖር ራሱን የሚያስረዳ ሥራ ነው።

ከላይ እንጀምር። ቦንጋ ያለችበት ካፋ የደን አገር ነው፤ ከተማው ውስጥም ቢሆን ዛፍ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ከቦንጋ ሲታይ የኢትዮሳቱ ሳተላይት ከአድማስ 64 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ የጎረቤት ዛፍ ብዙም አያስቸግረውም። ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍታው። በሌላ አነጋገር፣ በስተምዕራብ የቆመ ከዲሹ በአሥር ሜትር የሚበልጥ ዛፍ እንዳይጋርድ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሜትር መራቅ አለበት፤ ለምሥራቁ ዲሽ አምስት ሜትር ይበቃዋል። ችኩል ሠራተኛ ዛሬ ሲግናል መምጣቱን አይቶ ቡሎኑን ያጠብቃል። አዋቂው ግን ወደ ምዕራብ ዞሮ ባሕር ዛፉን ያያል፤ በሁለትና በሦስት ክረምት የት እንደሚደርስ ይገምትና የናይልሳቱን ዲሽ ከግቢው ወዲያኛው ጥግ ይተክለዋል። ገመድ ይረዝምበታል፣ መሰላልም ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ቤተሰቡ ግን ከዓመታት በኋላ «ናይልሳት ጠፋብን» ብሎ አይጠራውም።

ምሰሶውን የሚያቆምበትም ቦታ እንዲሁ ይታያል። ቆርቆሮ ላይ የተመታ ዲሽ ንፋስ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ለዓይን የማይታይ ዝንፈት ሥዕሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ ብረቱ ከቤቱ ቋሚ እንጨት ጋር ይታሰራል፣ ካልሆነም መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ ይተከላል። ቱንቢ ተጥሎ ቀጥ ማለቱም ይረጋገጣል። ምሰሶው ከዘመመ፣ ወደ ጎን ያዞሩት ዲሽ ወደ ላይም ወደ ታችም አብሮ ይሄዳልና ፍለጋው ማለቂያ የለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከዲሹ ፊት ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለውን ኤልኤንቢ ሲያዞሩት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ቀጥ ብሎ ቆሞ ያሳየዋል። ሥዕሉ ግን ከምድር ወገብ ለራቁ አገሮች ይስማማ ይሆናል እንጂ ለቦንጋ አይሆንም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ሳተላይቶቹም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ራቅ ያሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት የኢትዮሳቱ ኤልኤንቢ ከቆመበት 70 ዲግሪ ገደማ መጠምዘዝ፣ ሊተኛ ምንም ያልቀረው መምሰል አለበት። የናይልሳቱ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከዚያም በላይ። ሳይዞር ከቀረ ቋሚውና አግዳሚው ሞገድ ይምታታበታል። የጂኦሜትሪ ትምህርት ሳይጠራ ይህን በእጅ የሚያውቅ ሰው ኤልኤንቢውን በጣቱ ቀስ እያለ ይገፋና፣ ቤት ውስጥ ሪሲቨሩን የሚያይለትን ልጅ «ኳሊቲው ስንት አለ?» ይለዋል። «ሲግናሉ» አይልም። የሲግናሉ መስመር ዲሹ አንዳች ነገር መስማቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ የሰማው ነገር ትክክለኛ መሆኑን የሚናገረው ኳሊቲው ነው። በደረቅ ቀን ሥዕል ስለመጣ ብቻም አይረካም። የሳተላይቱ ሞገድ በወፍራም ዝናብ ውስጥ ሲያልፍ ይዳከማል፤ የካፋ ዝናብ ደግሞ ወራት የሚቆይ ነው። ስለዚህ ለዝናቡ የሚሆን ትርፍ እስኪያገኝ ድረስ ከመሰላሉ አይወርድም።

ቀጥሎ ገመዱ። የዲሽ ገመድ ጫፍ የባለሙያ ፊርማ ያለበት ቦታ ነው። ውጭኛው ፕላስቲክ፣ ከሥሩ የሽቦ ጥልፍ፣ ከዚያ ፎይል፣ ከዚያ ነጩ ስፖንጅ፣ መሐል ላይ መዳቡ። ጥሩ እጅ ፕላስቲኩን ሲቆርጥ ጥልፉን አይነካም፤ ነጩን ሲቆርጥ መዳቡን አይጭርም። የጥልፉን ሽቦ ወደ ኋላ አጥፎ ጃኩን ያጠልቅና፣ መዳቡ ከጃኩ አፍ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወጣ እንዲል አድርጎ ይቆርጠዋል። ከጥልፉ አንዲት ክር ሽቦ መዳቡን ብትነካ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፦ ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የሚያዘው በዚሁ ገመድ በሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ነውና ያ ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህም ነው አዋቂው ጃክ ከመፍታቱ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት የሚያስነቅለው።

የሁለቱ ዲሾች ገመዶች ዳይሴክ በሚባለው መቀያየሪያ ተገናኝተው በአንድ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይወርዳሉ። ዲኤስቲቪ የራሱ ዲኮደር ስላለው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ዳይሴኩ የሚሰቀለው ከክፈፉ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ ቀዳዳዎቹም ወደ ታች ዞረው ነው። ገመዱ ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ቀና የሚልበት ቅስት ይተውለታል፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተተው ውኃ ከቅስቱ ሆድ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቤት አይገባም። የግድግዳው ቀዳዳም ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ብሎ ይበሳል። በጭቃ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በቀዳዳው የገባ ውኃ ውሎ አድሮ ግድግዳውን ራሱን ያወርደዋል።

ቤት ውስጥ ሥራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ማታ ዜና የሚከታተል ማን ነው? ልጆቹ ጌም የሚጫወቱት መቼ ነው? ዲቪዲው በዓመት ስንት ጊዜ ይከፈታል? አንድ መካከለኛ ቴሌቪዥን ሁለት ወይም ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ያለው አንድ የኤቪ መግቢያ፣ አንድ የፍላሽ ቦታ ቢኖረው ነው። ለማን ምን ይሰጠው የሚለው ፍርድ እንግዲህ እዚህ ይመጣል። በየቀኑ የሚከፈቱት ሪሲቨርና ዲኮደር ቀጥታ ኤችዲኤምአይ ያገኛሉ። ዲቪዲው በኤቪ ይግባ፤ ቢጫው ሽቦ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ መንገድ ቀላቅሎ ስለሚልክ የሥዕሉ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ግን የድሮ ሠርግ ቪዲዮ ራሱ ከዚያ የጠራ አይደለም። ለፕሌይስቴሽኑ ቀዳዳ ካነሰ ብዙውን ወደ አንድ የሚያመጣ መቀየሪያ ይገዛል። ሱቅ ውስጥ አንዱን ወደ ብዙ ቴሌቪዥን የሚያከፋፍለው ዕቃ መልኩ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ መግቢያና መውጫውን ቆጥሮ የሚገዛ ሰው በአንድ መንገድ ይገላገላል።

ድምፁ ላይ ደግሞ የአሳቢው ሰው ጥበብ ይለያል። ጀማሪ ስፒከሩን ከሪሲቨሩ ጋር ያገናኘዋል። ወደ ዲኮደሩ ሲዛወር ድምፅ የለም፤ ገመድ መንቀል ይጀመራል። አዋቂው ግን ስፒከሩን የሚያገናኘው ከቴሌቪዥኑ የድምፅ መውጫ ነው፤ የትኛውም ዕቃ ቢከፈት ድምፁ ሥዕሉን ተከትሎ ይመጣል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ2009 ወዲህ በወጡ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህን የሚሠራ ኤአርሲ የተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለ፤ ስፒከሩም እሱን የሚቀበል ከሆነ ሌላ የድምፅ ገመድ እንኳ አያስፈልግም። አንድ ገመድ በትክክለኛው ቦታ፣ አምስት ገመድ ከማብዛት ይሻላል።

የቀረው ሰው ዓይኑን የማይጥልበት ነገር ነው። የኤችዲኤምአይ ጫፍ ውስጥ 19 ቀጫጭን መገናኛዎች አሉ፤ ገመዱ በክብደቱ ተንጠልጥሎ ሲጎትታቸው ቀዳዳው ይላላል። ስለዚህ ትንሽ ልል ተደርጎ ከቴሌቪዥኑ እግር ጋር ይታሰራል። የኤሌክትሪክ ገመድና የድምፅ ገመድ አብረው አይጠቀለሉም፤ ከተጠቀለሉ ስፒከሩ ያጉረመርማል። ዕቃዎቹ ሁሉ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚያቃጥለው ኃይል እንዲተርፉ በስታብላይዘር በኩል ያልፋሉ። ሪሲቨሩ ላይ የተጣለውን ዳንቴልም ባለሙያው በትሕትና ያነሳዋል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ዕቃው ዕድሜ አይኖረውምና። «እማማ፣ ይቺን ከቴሌቪዥኑ ሥር ብናነጥፋት የበለጠ ታምራለች» ብሎ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ነጭ ናስትሮ ይጠቀለልና በእስክርቢቶ ይጻፍበታል፦ ኢትዮሳት፣ ናይልሳት፣ ዲኤስቲቪ፣ ዲቪዲ፣ ጌም። ከውጭ ዳይሴኩ ላይም እንዲሁ። ከዚያ ሪሞቱን ለቤቱ ጎበዝ ልጅ አይሰጠውም፤ ልጁ ያለ ማንም ይወጣዋል። ለእናትየው ይሰጥና «እስቲ እርስዎ ከዜናው ወደ ኳሱ ያምጡልኝ» ይላቸዋል። ከተደናገሩ አቀማመጡን የሚያስተካክለው እሱ ነው።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል። ቢሆንም ክፍያውን የምንተምነው እኛ ነንና የምናየውን ማወቅ አለብን። ሂሳብ የምንከፍለው በቻናል ቁጥር ከሆነ፣ ገመድ እየጠቀለለ ከኋላ የሚወትፈውም ናስትሮ የሚጽፈውም እኩል ዋጋ ያገኛሉ፤ እንዲያውም የሚጽፈው ስለሚዘገይ በቀን የሚደርስበት ቤት ያንሳል። ባለሙያው ከሌላው አስበልጦ የሚጠይቀው ጥቂት ብር ከሆነ፣ ያ ብር የሚከፈለው ልጃችን በሚቀጥለው ጊዜ የላላውን ጃክ ራሱ አጥብቆ ሠራተኛ ሳይጠራ እንዲቀር ነው። ደንበኛውን የሚያሳጣውን ነገር ለደንበኛው እያስተማረ የሚሄድን ሰው በዋጋ መከራከር ነውር ነው።