ከደጅ የቀረው ግጥም
ስለ ኡርዱ ቋንቋና ስለ ቀድሞው ዘመን የሕንድ ሙዚቃዊ ፊልሞች

በሀገራችን «የሕንድ ፊልም» ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ወዲያው የሚመጣው ልቅሶ፣ ጭፈራና በዛፍ ዙሪያ መሯሯጥ ነው። ይህ አመለካከት ከጥናት ይልቅ ከስንፍና የመነጨ ነው። ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ደጋ ወደ ጎንደር ከተማ ለትምህርት የወረደው ወጣትም ሆነ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት በር ላይ የተሰለፈው ሠራተኛ ቋንቋውን ሳያውቅ ዜማውን በቃሉ ይዞ ሲያንጎራጉር ኖሯል። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን እንኳ ብዙዎቹ የኬራላ ተወላጆች፣ አፍ መፍቻቸውም ማላያላም ስለነበረ፣ ግጥሙን አብራሩልን ቢባሉ እንደ እኛው በተቸገሩ ነበር። ዜማው ቤታችን ገባ፤ ግጥሙ ከደጅ ቀረ።

እነዚያ ፊልሞች በአብዛኛው «ሂንዲ» ተብለው ቢመዘገቡም የዘፈኖቻቸው ቋንቋ በአመዛኙ ኡርዱ ነበር። አስተዋይ ተመልካች የፊልሙ ርእስ በመክፈቻው ላይ በላቲን፣ በዴቫናጋሪና በኡርዱ ፊደል ሲጻፍ ሳያይ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ድምፃዊቷ ኑር ጀሃን ወደ ፓኪስታን ሄደች፤ በፔሻዋር የተወለደው ዲሊፕ ኩማር ግን ቦምቤይ ቀረ። ላሆርና ካራቺም የራሳቸውን የኡርዱ ሲኒማ አቋቋሙ። ቋንቋውን ግን ድንበር አልከፈለውም።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዘፈን ጸሐፊዎቹ እነማን እንደነበሩ ነው። ሳሂር ሉድሂያንቪ፣ ማጅሩህ ሱልጣንፑሪና ካይፊ አዝሚ በፊልም ንግድ የተፈጠሩ ግጥም ገጣጣሚዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1936 በላክናው የመጀመሪያ ጉባኤውን ያካሄደው የተራማጅ ጸሐፊዎች ንቅናቄ ያፈራቸው ባለቅኔዎች ነበሩ። ማጅሩህማ በግጥሙ የተነሣ ወህኒ ወርዷል። እነዚህ ሰዎች የወረሱት ጋዛል የተባለውን ጥንታዊ የግጥም ዓይነት ነው። በጋዛል እያንዳንዱ ባለሁለት ስንኝ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ «ውዴ» ተብላ የምትጠራው አንዲት ወይዘሮ፣ ፈጣሪ ወይም ጨካኝ ገዢ ልትሆን ትችላለች። የጎንደር ሰው ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም፤ የእኛ ቅኔ ምሥጢሩን ብዙውን ጊዜ በቃሉ አሰባበር ውስጥ ሲደብቅ፣ ጋዛል የሚደብቀው በተጠሪው ማንነት ውስጥ ነው።

ጉሩ ዱት እ.ኤ.አ. በ1957 ያዘጋጀውና ራሱ የተወነበት «ፕያሳ» (የተጠማው ማለት ነው) ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ታሪኩ አሳታሚ ያጣ ባለቅኔ ታሪክ ነው፤ ሞተ ሲባል ግጥሙ ገበያ ያገኛል፤ በሕይወት ሳለ የገፉትም ለመታሰቢያው ይሰበሰባሉ። በፊልሙ መካከል ባለቅኔው በሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር እየተንገዳገደ ሲያልፍ ሞሐመድ ራፊ የሚያዜመው ዘፈን አለ፤ በሀገራቸው የሚኮሩት ሰዎች ይህን ለማየት ለምን እንዳልመጡ ይጠይቃል። ሳሂር ይህን ግጥም የጻፈው ለፊልሙ ብሎ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ነበረው። ለፊልሙ ሲሰጠው ግን በፋርስኛ ቃላት የታጨቀውን ተደጋጋሚ ስንኝ ማንም መንገደኛ ወደሚረዳው አነጋገር ለወጠው። ቁጣው ግን አልቀነሰም። በግእዝ ቃላት መክበድን የጥልቀት ምልክት አድርገን ለምንመለከት ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ዘፈኑ ከፊልሙ ቢወጣ ታሪኩ ይበጠሳል፤ «ዘፈን ታሪክ ያቋርጣል» የሚለው የሐያስያን ክስ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የኬ. አሲፍ «ሙጋል ኤ አዛም» (እ.ኤ.አ. 1960) የተለየ ነው። ሻኪል ባዳዩኒ በጻፈው፣ ናውሻድ ባቀናበረው ዘፈን፣ የቤተ መንግሥቷ አጫዋች አናርካሊ በንጉሥ አክባር ፊት ፍቅሯን በይፋ ትናገራለች፤ ጥቁርና ነጭ የነበረው ፊልም በዚህ ትርኢት ቀለም ይለብሳል፤ የጣሪያው መስተዋቶችም አንዷን ሴት በሺህ አባዝተው ንጉሡን ይከቡታል። ከፋሲል ግንብ ሥር ላደገ ተመልካች ይህ አዳራሽ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደርን የጎበኘው የየመኑ መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን ሕንዳዊ እንደሠራው ጽፏልና። ነገር ግን ፊልሙ ከዘፈኑ ያነሰ ነው። በፍጻሜው ንጉሡ አናርካሊን በስውር ይለቃታል፤ የእሷ ድፍረት የእሱ ቸርነት ሆኖ ይጠናቀቃል። የብዙዎቹ ፊልሞች ደካማ ጎን ይኸው ነው፤ ባለቅኔው የከፈተውን ጥያቄ ታሪክ ጸሐፊው በምሕረት ወይም በአጋጣሚ ይዘጋዋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ባለፉት ዓመታት በአማርኛ ተተርጉመው ለሕዝብ የቀረቡት የሕንድ ፊልሞች ንግግሩን ብቻ ይዘው፣ ዘፈኑ ሲደርስ ተርጓሚው ብዙውን ጊዜ ዝም የሚልባቸው ናቸው። ይህ ቅዳሴውን ትቶ ማስታወቂያውን ብቻ እንደመተርጎም ይቆጠራል። ሥራው ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ መሣሪያ አላጣንም። አዝማሪው በየዕለቱ እዚያው የሚፈጥረው ባለሁለት ስንኝ አለን፤ ስድስት ስድስት ቀለም ያለው ወል ቤትም አለን። የሳሂር ዘፈን እያንዳንዱ አንጓ በአንድ ጥያቄ ይዘጋል፤ ጥያቄው ከግስ ጋር በስንኙ መጨረሻ ይቀመጣል። አማርኛም እንደ ኡርዱ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም ተገልብጦ ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚሸሸው ጥያቄ በእኛ ቋንቋ ቦታውን ሳይለቅ ቤት ሊመታ ይችላል።