ኮከብ የተቀረጸባት ኳስ

በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ኩፐርስታውን በተባለች ትንሽ ከተማ የሚገኘው የቤዝቦል ሙዚየም በ2008 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አንዲት ኳስ ተረከበ። ኳሷ የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ተጫዋች የነበረው ባሪ ቦንድስ ኦገስት 7 ቀን 2007 ከአጥር አሻግሮ የመታት 756ኛዋ ሆም ራኑ ናት። በዚያች ምት፣ ሐንክ አሮን በ1976 ያቆመው 755 የሚለው ቁጥር ተሻረ። ኳሷን በ752,467 ዶላር የገዛት የልብስ ንድፍ አውጪው ማርክ ኤኮ ነበር፤ ምን ትደረግ ብሎም ለሕዝብ ድምፅ አቀረባት። ሳትነካ ለሙዚየም ትሰጥ? ወደ ጨረቃ ትተኮስ? ወይስ የኮከብ ምልክት ተደርጎባት ትሂድ? 47 ከመቶ የሚሆነው መራጭ ኮከቡን መረጠ፤ ተቀረጸባትም።

በመጽሐፍ ገጽ ላይ የኮከብ ምልክት የራሱ ፍሬ ነገር የለውም። «ከታች ተመልከት» ባይ ነው። ኳስ ግን ግርጌ የላትም። ቀራጮቹ ተመልካቹን ወደ ማስታወሻው መርተው ማስታወሻውን ሳይጽፉ ሄደዋል። እንደ ፍርድ ቢታይ ያልተቋጨ፣ እንደ ጥበብ ሥራ ቢታይ ድፍረት ያነሰው ነው። ባዶውን ግርጌ ለመሙላት ሲሟገቱ የኖሩት ደጋፊዎቹ ናቸውና፣ ከኳሷ ይልቅ የእነርሱን ክርክር መመርመሩ ይበጃል።

የሳን ፍራንሲስኮ ደጋፊዎች ቀልድ ያውቁ ነበር። በ2004 ተጋጣሚዎች ቦንድስን ከመፍራታቸው የተነሣ 120 ጊዜ ሆን ብለው ኳሷን ከእርሱ አርቀው እየወረወሩ በነጻ አሳለፉት፤ ደጋፊዎቹም በስታዲየሙ ውስጥ የጎማ ዶሮ መስቀል ያዙ። በሀበሻ ማዕድ የበዓል ንግሥት የሆነችው ዶሮ በአሜሪካኖች ዘንድ የፈሪ ስም ናት። ከቤቱ ውጭ ግን ሌላ ነበር። በኤፕሪል 2006 ሳን ዲዬጎ ላይ ከተመልካቹ መካከል መርፌ የሌለው የመጫወቻ ስሪንጅ ተወረወረበት። ሁለት ጋዜጠኞች ስለ አበረታች መድኃኒት አጠቃቀሙ በዝርዝር የጻፉት «ጌም ኦፍ ሻዶውስ» የተባለው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ወጥቶ ነበር። ቦንድስ ግን በ2003 በመሐላ ቃሉን ሲሰጥ፣ ምንነቱን አውቆ የወሰደው ነገር እንደሌለ ተናግሯል።

በ2007 ክርክሩ ወደ ቡድኑ ስብስብ ዞረ። ቦንድስ 43 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የዓመት ደመወዙ 15.8 ሚሊዮን ዶላር፤ ቡድኑም 71 አሸንፎ 91 ተሸንፎ ከምድቡ መጨረሻ ቀረ። ቲም ሊንሲከምና ማት ኬይን የተባሉ ወጣት ወርዋሪዎች ብቅ ብለዋልና ክለቡ በአንድ ሽማግሌ ዙሪያ መገንባቱን ይተው የሚሉ ነበሩ። ይቆይ የሚሉት ደግሞ 28 ሆም ራንና፣ ከመቶ 48 ጊዜ ማረፊያ መድረሱን ይቆጥሩ ነበር። ሁለቱም ወገን ብልህ ነበር፤ ሁለቱም ግን ስለ ግራው የሜዳ ክፍል ያን ያህል የተነጋገረው ስለ መድኃኒቱ ላለመነጋገር ይመስላል። የስሌት ቋንቋ ለኅሊና ጥሩ መጠለያ ነው።

ክለቡ በሴፕቴምበር አሰናበተው። በ2008 ከሠላሳዎቹ ቡድኖች አንዱም አልቀጠረውም። ጉዳዩ የስብስብ ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመቶ 48 ጊዜ ማረፊያ የሚደርስ ሰው ያለ ሥራ ይቀር ነበርን? ቦንድስ «አሲረውብኛል» ብሎ ያቀረበው አቤቱታ በ2015 በገላጋይ ዳኛ ውድቅ ሆኗል፤ ሤራ ባይኖር እንኳ አሠሪዎቹም እንደ ደጋፊዎቹ የሥነ ምግባር ፍርዳቸውን በስሌት ጋቢ ጠቅልለውት እንደነበር መጠርጠር ይቻላል።

ከሁሉም የከበደውን ጥያቄ ያነሡት ብዙ ጥቁር ደጋፊዎች ነበሩ። በ1998 ነጩ ማርክ ማጉዋየር በአንድ የውድድር ዘመን 70 ሆም ራን ሲመታ አገሩ በእልልታ ተቀብሎታል፤ 70ኛዋ ኳስም ወደ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። በ2010 ማጉዋየር አበረታች መድኃኒት መውሰዱን በራሱ አንደበት አመነ። በዚያች ኳስ ላይ ኮከብ አልተቀረጸም። አሮንም በ1973 እና በ1974 የቤብ ሩትን 714 ሲቃረብ የግድያ ዛቻ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበርና፣ ጥያቄውን የወገንተኝነት ጩኸት ብቻ ማለት ግፍ ነው። ይህ ግን ቦንድስን ነጻ አያወጣውም። የሌላው መታለፍ የእርሱን ገጽ አያነጻም፤ ተከላካዮቹ አዘውትረው የዘለሉትም ይህንኑ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ላይ ገና አልጠራም። በ2011 ፍትሕን በማደናቀፍ ተፈረደበት፤ በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረለት። በ2018 ጃይንትስ 25 ቁጥር መለያውን ሌላ እንዳይለብሰው በክብር አነሡለት። በ2022 ለዝነኞች አዳራሽ በጋዜጠኞች የመጨረሻ ምርጫ 75 ከመቶ ሲያስፈልገው 66 አገኘ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ስሙ ለአንድ አነስተኛ ኮሚቴ ቀርቦ ነበር። የተመረጠው ጄፍ ኬንት ሆነ፤ በ2002 በቡድኑ መቀመጫ ውስጥ ከቦንድስ ጋር የተጓተተውና በዚያው ዓመት መጨረሻ ጃይንትስን ለቆ ወደ ሂውስተን የሄደው ያ ኬንት።