ኢ.አር.ሲ.ፒ. ለማን? የ2002ቱ መግለጫ ከመርካቶ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2002 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት ጉባኤ ስለ ኢ.አር.ሲ.ፒ. ያወጣው መግለጫ ዛሬም በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል። ዘዴው በ1968 ሲጀመር የሐሞትንና የቆሽትን ቱቦዎች በራጅ ለማየት ብቻ ነበር፤ በ1974 በጀርመንና በጃፓን በቱቦው መውጫ ያለውን ቀለበታዊ ጡንቻ በኢንዶስኮፕ ቆርጦ ጠጠር ማውጣት ሲቻል ሕክምና ሆነ። የመግለጫው ፍርድም ከዚሁ ይነሳል፦ መሣሪያው ለማከም እንጂ ለማየት ብቻ አይዋል፤ የቆሽት መቆጣትን፣ መድማትንና የአንጀት መበሳትን ለመቀነስ ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ አላስፈላጊውን አለመሥራት ነው።

ጊዜ ይህን ፍርድ አጽንቶታል። በ2010 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት፣ የቀዶ ሕክምና በሚጠብቃቸው የቆሽት ራስ ካንሰር ሕሙማን ላይ ሐሞትን አስቀድሞ ማፍሰስ ከባድ ጉዳቶችን ከ39 ወደ 74 ከመቶ እንዳሳደገ አሳይቷል።

የምነቅፈው ሌላ ነው። መግለጫው ኤም.አር.አይ.ና የኢንዶስኮፕ አልትራሳውንድ በቅርብ የሚገኙ አድርጎ ያስባል። በመርካቶ ግን የመጀመሪያው ውሳኔ የሚሰጠው በጤና ጣቢያ ወይም በአንድ ክሊኒክ ተራ አልትራሳውንድ ክፍል ነው፤ ሕመምተኛውም ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ነው ብሎ የባህል መድኃኒት ሞክሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተራ አልትራሳውንድ የሰፋ ቱቦን በደንብ ያሳያል፤ በቱቦው ታችኛ ጫፍ የተቀረቀረ ጠጠር ግን በአንጀት አየር እየተሸፈነ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። «ጠጠር አልታየም» የሚለውን «ጠጠር የለም» ብሎ ማንበብ፣ ከዚያም ሕመምተኛውን የጉበት ቫይረስ ነው ብሎ መሸኘት፣ አላስፈላጊ ኢ.አር.ሲ.ፒ. ከመሥራት ያላነሰ ጥፋት ነው።

ሁሉም ቢጫ ዓይን ለኢንዶስኮፕ ይቸኩላል ማለቴ አይደለም። ወስፋት ወደ ሐሞት ቱቦ የገባባቸውን ጨምሮ ስለ 500 የካሽሚር ሕሙማን በ1990 የወጣው ዘገባ፣ በብዙዎቹ ትሉ ራሱ ወደ አንጀት እንደተመለሰ ይናገራል። ትኩሳት፣ የቀኝ ላይኛ ሆድ ሕመምና ቢጫነት አንድ ላይ ሲታዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1992 በሆንግ ኮንግ በጠጠር ሳቢያ ከባድ የቱቦ ኢንፌክሽን በያዛቸው 82 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 32 ከመቶ ሲሞቱ በኢንዶስኮፕ ከታከሙት የሞቱት 10 ከመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለው ታማሚ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ተጀምሮለት በዕለቱ መላክ ይኖርበታል። የሪፈራል ወረቀቱም «ለኢ.አር.ሲ.ፒ.» ብቻ ከሚል፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ የቱቦውን ስፋት በሚሊሜትርና የቢሊሩቢኑን መጠን ቢይዝ፣ ተቀባዩ ሐኪም ማንን ዛሬ፣ ማንን ነገ እንደሚያስገባ ለመወሰን ይችላል።