ሰይፉ ነካው፣ ቁጥሩ ግን ሳተው

ሞሮዊንድን ከተጫወታችሁ ይህን ታስታውሱታላችሁ። ቤቴስዳ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ጌም ነው። ገና ጀማሪ ናችሁ፤ ፊታችሁ አንዲት አይጥ ቆማለች። ሰይፍ ትሰነዝራላችሁ፤ ስለቱ በሰውነቷ ውስጥ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጌሙ ግን አልመታችኋትም ይላል። ደግማችሁ ትሰነዝራላችሁ፤ አሁንም የለም። እንዴ! ታዲያ ያያችሁት ምንድን ነው?

ያያችሁት ሥዕሉን ነው። የሚወስነው ግን ከጀርባ ያለው ስሌት ነው። የገጸ ባሕርዩ የሰይፍ ችሎታ፣ ቅልጥፍናው፣ ዕድሉና ድካሙ ተሰልተው የመምታት ዕድሉ በመቶኛ ይወጣል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ዕጣ ይጥላል። የዚህ አሠራር ሥር ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዳይሱ ሳትክ ሲል ማንም አይከፋም፤ ጠላት ዘወር አለ ብላችሁ በሐሳባችሁ ትሞሉታላችሁ። ስክሪን ሲመጣ ግን ዓይን ምስክር ሆነ፤ ምስክሩና ዳኛው አልተስማሙም።

በ2006 የወጣው ተከታዩ ኦብሊቪየን ይህን አስተካከለ። ሰይፉ ከነካ ነካ ነው፤ ችሎታ የሚለውጠው የጉዳቱን መጠን ነው። ተገላገልን? ኧረ የለም! አሁን ደግሞ ሽፍታው ደጋግሞ በሰይፍ ተመትቶም ምንም እንዳልነካው ሰው ይዋጋል። ውሸቱ አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ።

እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ በእኛ ሙያ ይህ አያስደንቅም። የድልድይ ሞዴል ስንሠራ ስለ ቀለሙ አንጨነቅም፤ ጭነቱን ይሸከማል ወይ ብለን ነው የምናሰላው። ሞዴል ሁሉ አንዱን ለማሳየት ሌላውን ይተዋል። ስለዚህ ይሄ ጌም እውነታን ይመስላል ወይ የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። የሚሻለው ጥያቄ፦ እዚህ የሚፈተነው የማን ችሎታ ነው? የእናንተ ጣት ወይስ የገጸ ባሕርዩ ልምድ?

ዳርክ ሶልስ (2011) በአብዛኛው የሚፈትነው እናንተን ነው፤ ሌቨላቸውን ጭራሽ ሳያሳድጉ የሚጨርሱት ተጫዋቾች አሉ። ሞሮዊንድ ደግሞ ገጸ ባሕርዩን ይፈትናል። ሁለቱን ለማስታረቅ ጥሩ ሙከራ አድርጓል የምለው የፕራጉ ዋርሆርስ በ2018 ያወጣውን ኪንግደም ካም፦ ዴሊቨራንስን ነው። ዘመኑ 1403፣ አገሩ ቦሄሚያ ነው። ሄንሪ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ማንበብ አይችልም። መጽሐፍ ስትከፍቱለት ፊደሎቹ ተዘበራርቀው ይታያሉ። ሰይፍም አያውቅም፤ እናንተም የጌሙን ሰይፍ አታውቁም። ስለዚህ ሁለታችሁም ትለማመዳላችሁ፤ ቁጥሩና ጣታችሁ አብረው ያድጋሉ። ድንቅ ነው። ግን እንከን አለው፦ አንድ የመልሶ ማጥቃት ስልት ከተማራችሁ በኋላ ቀድሞ ማጥቃት ሞኝነት ይሆናል። ዝም ብላችሁ ጠላትን መጠበቅ ትጀምራላችሁ፤ የተለፋበት የሰይፍ ጥበብ ወደ አንድ ቁልፍ ይወርዳል።

አሁን ወደ ስያሜው እንምጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የጌም ዘርፎችን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ገበያ ነው። አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ (2017) ሌቨል ስለጨመረ አርፒጂ ተባለ። ውጤቱ? ከኋላ ተሸሽጋችሁ ቢላዋ የሰካችሁበት ዘበኛ ሌቨሉ ከእናንተ በጣም ከበለጠ አይሞትም! በአንጻሩ ዲስኮ ኢሊሲየም (2019) የውጊያ ሥርዓት የሚባል ነገር የለውም። ትዝታው የጠፋበት መርማሪ ሆናችሁ ታወራላችሁ፣ ትመረምራላችሁ፣ በሁለት ዳይስ ዕድላችሁን ትሞክራላችሁ። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ሚና መጫወት ለሚለው ስም ይበልጥ የሚገባው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሮቹ የሚናገሩት ገጸ ባሕርዩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነው።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ስያሜ ቃል ኪዳን ነው፤ ገንዘባችሁንና የብዙ ሰዓት ጊዜያችሁን የምታወጡት እሱን አምናችሁ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቁጥሩ የሚለካው ማንን ነው? ያን ቁጥር ብናወጣው የምንጫወተው ሰው ይለወጣል? ካልተለወጠ ሌቨሉ ጌጥ ነው። ከእናንተ መካከል ነገ ጌም የሚሠራ ካለ ደግሞ፣ ኮድ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ለእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ያዘጋጅ።