ዓሣና አሞኒያ በክፍል ውስጥ፤ የአንድ የተለመደ ሙከራ ሂሳዊ ምርመራ

ስለ እንስሳት የቆሻሻ አወጋገድ በሚሰጠው የሥነ ሕይወት ትምህርት፣ ዓሣን በመስታወት ዕቃ አኑሮ የውሃውን ለውጥ መመርመር በብዙ አገሮች የተለመደ ሙከራ ነው። ወጪው አነስተኛ በመሆኑ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ለተጎዱባት ደቡብ ወሎ ተስማሚ ነው። ዓሣውም ሩቅ አይደለም፤ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚገኘው በሎጎ ሐይቅ ቆሮሶ ይጠመዳል። ይሁን እንጂ ሙከራው ሲቀርብ ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል።

አንደኛው የጽንሰ ሐሳብ መደባለቅ ነው። ተማሪው ከዕቃው ሥር የተከማቸውን ኩስ አይቶ «ቆሻሻው ይህ ነው» ይላል። ኩስ ግን በአመዛኙ ሳይፈጭ የቀረ ምግብ ነው። ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ ሲፈራርስ የሚገኘው አሞኒያ ዓይን ሳያየው በስንጥብ በኩል ይወጣል። መምህሩ ይህንን ከዶሮ ጋር ቢያነጻጽር ትምህርቱ ይብራራል፤ በዶሮ ኩስ ላይ የሚታየው ነጭ ክፍል ዩሪክ አሲድ ነውና።

ሁለተኛው የማስረጃ ጉድለት ነው። ዓሣ ከአሞኒያ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያስወጣል። አንደኛው ውሃውን ወደ ቤዝነት፣ ሁለተኛው ወደ አሲድነት ስለሚስቡት፣ የአሲድና ቤዝ ጠቋሚ ቀለም መለወጡ ስለ አሞኒያ አያረጋግጥም። ለአሞኒያ ብቻ የተዘጋጀ መመርመሪያ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ማነጻጸሪያ አለመኖሩ ነው። የተረፈ መኖ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሰጣል። ስለሆነም ለአንድ ቀን ያልተመገበ ዓሣ ያለበትና ዓሣ የሌለበት እኩል ውሃ ጎን ለጎን ተቀምጠው በየሰዓቱ ሊለኩ ይገባል።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በቀዝቃዛው የደሴ ውሃ የሚያስወጣው አሞኒያ ቢያንስ እንደ ስሕተት ሊቆጠር አይገባውም፤ ይልቁንም የሁለቱን ከተሞች ውጤት ማነጻጸር ራሱ ትምህርት ነው። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ፣ ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማው የአሞኒያ ዓይነት ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም፤ ፒኤች 9 ሲሆን ግን ከሲሶ ያልፋል። ስለዚህ ሙከራው አጭር፣ ዓሣውም ጥቂት ይሁን።

የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ መመርመሪያውን በጉድኝት ማዕከላት ማዳረስና ለሙከራው በቂ ክፍለ ጊዜ መመደብ ነው። ያለዚያ ተማሪው የሚማረው ሳይንስን ሳይሆን የተነገረውን በቀለም አስጊጦ መቀበልን ይሆናል።